የጸለይንበት ጉድጓድ

የሴትዮዋ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲበሰብስ እኔ እየጸለይኩበት ነበር። ሌላ ሰው አላልኩም፤ እኔ። በራሴ እጅ ደብተር ላይ ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ከሥሩ አስምሬ።

ከመጀመሪያው ልናገር። የምኖረው ዲላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ውጤቱ ግን የትም አላስገባኝም። አሁን ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ኮፒ ቤት ውስጥ የሌሎችን ልጆች መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። መቀመጥ አልወድም። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን የወረረሽ ይመስል ምነው አንድ ቦታ አትረጊም?" ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ያው ነኝ። መዘምራን ገባሁ፣ ድምፄ አልሆነም። ሕጻናት አስተማርኩ፣ ጮኼባቸው ወላጆች ከሰሱኝ። በመጨረሻ የጉብኝት ቡድን ውስጥ ገባሁ፤ እዚያ መናገርም መዘመርም ግድ አይደለም። ጽሑፌ ስለሚነበብ ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ።

ሥራችን እንዲህ ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ የታመመ ወይም ያዘነ ሰው ቤት እንሄዳለን። ሁለት መዝሙር ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል። ከዚያ መሪያችን "የጸሎት ርዕስ አለዎት?" ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው ይናገራል፣ እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እጽፋለሁ፣ ይጸለያል፣ እንነሳለን። በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ደብተሩን አነባለሁ። መልስ ያገኘው ርዕስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፤ ጉባኤው አሜን ይላል። ያን ቀይ ምልክት ማድረግ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ሴትዮዋ የሚኖሩት ከወናጎ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እናቴ እዚያው ሰፈር ነው ተወልዳ ያደገችው፣ ልጅ ሆና የእሳቸው ጎረቤት ነበረች። እኔም ትንሽ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን እሳቸው ጋ እከርም ነበር። እንሰት መፋቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጠሽ፣ አንድ እግርሽን አንስተሽ፣ ግንዱን ሰሌዳው ላይ በተረከዝሽ አጥብቀሽ ይዘሽ፣ በቀርከሃው መፋቂያ ወደ ታች። ለእኔ የሚሆን ትንሽ መፋቂያ ሠርተውልኝ ነበር። ጉድጓድ እንዴት በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ፣ እንደሚነጠፍ፣ የተፋቀው ቦክቶ ቆጮ እንዲሆን እንዴት እንደሚጠቀጠቅ፣ በስንት ጊዜ ተከፍቶ ቅጠሉ እንደሚቀየርና እንደሚገለበጥ፣ ሁሉንም አውቅ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ።

አምስተኛ ክፍል ስገባ አንዷ ልጅ ዴስክ ቀየረች። መምህሩ ለምን ሲላት "እሷ ጋ ቆጮ ቆጮ ይሸታል" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ ክፍል ውስጥ ቤቱ ቆጮ የማይበላ ልጅ አልነበረም እኮ! እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። እጄን በሎሚ፣ በአመድ፣ በኦሞ አጠብኩት። በሚቀጥለው ክረምት እናቴ "ሂጂ" ስትለኝ "ማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ሴትዮዋ ግን በየገበያው ቀን በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው በራችን ላይ መምጣታቸውን አልተዉም።

ባለፈው ጥቅምት ሣር ተሸክመው ዳገቱ ላይ አዳለጣቸውና ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አትወጣም። "ቡድናችሁ ይጠይቃት እንጂ" አለችኝ። "የሩቅ ሰው ትጠይቃላችሁ፣ አንቺን ስታበላ የኖረችውን ትረሳላችሁ።"

ኅዳር ላይ አምስት ሆነን ሄድን፦ መሪያችን፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዲት ዘማሪና እኔ። እስከ ወናጎ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ጊዜው ቡና የሚቀላበት ነው። ቡና ሲቀላ እዚያ ሰፈር ቤቱ የሚውል ሰው የለም፤ ሴት ወንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀማ ላይ ነው፣ እሁድን እንኳ ከጸሎት መልስ የሚለቅም አለ። መንገዱ ሁሉ ጭር ብሏል።

ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮላቸዋል።

"መጣህ ልጄ?" አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም፤ ሁላችንም አንተ ነን። "አደግህ። እናትህ ጉልበቱ እንዴት ነው?"

ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ። እኔ "ደህና ናት እማማ" ብዬ ቶሎ ደብተሬን ከፈትኩ።

ተዘመረ፣ ተነበበ። መሪያችን ለስለስ ባለ ድምፅ "እማማ፣ የጸሎት ርዕስ ካለዎት ይንገሩን" አላቸው።

መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጃችንን አዩ። የአምስታችንንም፣ አንድ በአንድ። አሁን ሳስበው ነው የገባኝ ብል ውሸት ነው፤ ያኔውኑ ገብቶኛል።

"እጄ አለ" አሉ። "ልጄ አለ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ስልክ አይደውልም። ጉድጓዴ አለ። እጄ ሳይሰበር ከሴቶቹ ጋር ሦስት ትልልቅ እንሰት ፍቀን ቀብረን ነበር። ቅጠሉ መቀየር ነበረበት፣ ቀኑ አለፈው። ሴቶቹ ቡና ላይ ናቸው። እኔ በአንድ እጅ..."

እዚህ ላይ አቆሙ። የእኛ አገር ሴት እንግዳን "ይህን ሥራልኝ" አትልም። ነገሩን መሬት ላይ ታስቀምጥልሻለች፤ ማንሳት ያንቺ ፋንታ ነው።

አንደኛው ተማሪ "የምን ጉድጓድ? የውኃ ነው?" ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

"የቆጮ" አልኩት። ጻፍኩም፦ ሦስት፣ የቆጮ ጉድጓዳቸው።

እውነቱን ልናገር። ያን ቀን ጥፍሬን ቀይ ተቀብቼ ነበር። ያ ተማሪ ደግሞ አጠገቤ ሲቀመጥ ደስ የሚለኝ ልጅ ነው። "እኔ እችላለሁ፣ ኮባ ቁረጡልኝ፣ አምስት ሆነን ሳይመሽ እንጨርሰዋለን" ብል እኮ ነገሩ ያበቃ ነበር። እንደዚያ ካልኩ ግን እጄን ክርን ድረስ እዚያ ውስጥ እከታለሁ፣ በሚኒባሱ አጠገቡ ተቀምጬ እመለሳለሁ፣ ይሸተዋል። ሁሉን ሰው ፊት ለፊት የምናገር፣ ምላሴ አያርፍም የምባል ሰው፣ እዚያ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ማለት ጻፍኩ።

መሪያችን ለእያንዳንዱ ርዕስ በየተራ ይጸለይ አለ። ለእጃቸው ተጸለየ፣ ለልጃቸው ተጸለየ። ለጉድጓዱ ወጥተን ጓሮ ሄድን፣ ዙሪያውን ቆምን። ድንጋይ የተጫነበት ኮባ ነው የሚታየው፣ ጠርዙ ጠቁሯል። መሪያችን እጁን ዘረጋ፤ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ጌታ ይህን ማዕድ እንዲጠብቅ፣ ብል እንዳይገባው፣ ጥፋት እንዳይቀርበው ለመነ። አሜን አልን። አሥር እጅ ሁሉም ወደ ላይ።

ከዚያ ሴትዮዋ በግራ እጃቸው አስተናገዱን። ከድሮው የተረፈች ቆጮ፣ ጎመን፣ ከጓሮ የወረደ አቮካዶ። "ይተዉ እማማ፣ አይቸገሩ" ስንል "የጸለየ ሰው ባዶ አፉን ከቤቴ አይወጣም" አሉ። በላን። ጥሩ አድርገን ነው የበላነው።

ዳገቱን ስንወርድ ዘማሪዋ "እንዴት ያለ መነካት ነበር!" አለች። ማንም አልተቃወማትም።

በሁለት ሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። በመካከል ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ነበር። ጓሮ ስንደርስ አፍንጫዬ ነገረኝ። የደህና ቆጮ ጉድጓድ ሽታ አለው፣ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ይኼ ሌላ ነው። ውኃ ውስጥ የሰነበተ የሞተ ነገር ነው የሚሸተው።

መሪያችንን ክንዱን ነካ አድርጌ "ጉድጓዱ ሸቷል" አልኩት።

"ቆጮ ድሮም ይሸታል እኮ፣ እህቴ!" አለና ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለማጫወት ነው። ሌሎቹም ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ።

ከሠራሁት ሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው። ዴስክ የቀየረችውን ልጅ ስንት ዓመት ቂም ይዤባት፣ እሳቸው ጓሮ ቆሜ እሷን ሆንኩ። ከዚያ ዓይናችንን ጨፍነን ጸለይን። ቁጥር ሦስት። ምልክት አላደረግኩበትም፤ "በመጠበቅ ላይ" ብዬ ጻፍኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ጓሮ ውስጥ ሌላ ሴት ነበረች። ከታች ያለችው ጎረቤት ናት። ያን ሰሞን ለቀማው ቀዝቀዝ ሲል አንድ ቀን አግኝታ ጉድጓዱን ልትገለብጥላቸው መጥታለች። ከፍታዋለች። ክርኗ ድረስ ጥቁር ሆናለች፣ አጠገቧ የተከመረው ነገር ቆጮ አይመስልም። ትል ይርመሰመስበታል። ሴትዮዋ ትንሽ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው።

ጎረቤቲቱ ቀና ብላ አየችን። የለበስነውን አየች።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የጸሎት ሰዎች" አለች። "መዝሙሩን ጀምሩት እንጂ፣ ቀብር ላይ ደርሳችኋል።"

መሪያችን "እህቴ፣ ምን ተፈጠረ?" አላት።

"ምን ይፈጠራል? በሰበሰ። አሥር እጅ ይዛችሁ ሁለት ጊዜ መጥታችሁ አንዱን እንኳ ሳታቆሽሹት ሄዳችሁ አሉ። እኔም ጸሎት እወዳለሁ፣ አማኝ ነኝ። ግን አፍ ሥራ ሲይዝ እጅ ይታሰራል እንዴ?"

"እኛ እኮ ስለዚህ ነገር እውቀቱ..."

"አንተን አላልኩም፣ የከተማ ሰው ነህ፣ ያስታውቃል።" ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ጥቁር ጠብታ ከጣቷ ይንጠባጠባል። "አንቺ! አንቺን አውቅሻለሁ። እዚህ ጓሮ ውስጥ መፋቂያ ይዘሽ ስትሯሯጪ ያየሁሽ አይደለሽ? የዚያች የዲላዋ ልጅ?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያ ተማሪም።

ሴትዮዋ ናቸው የመለሱላት። ከድንጋዩ ሳይነሱ፣ በዝግታ። "ተይው። ዝናብ ነው ያበላሸው። ልጁ ምን ያውቃል።"

ልጁ ምን ያውቃል። ያስተማሩኝ እሳቸው፣ መፋቂያዬን የሠሩልኝ እሳቸው። ሰው ፊት እንዳላፍር አላዋቂ አደረጉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ያ ክምር ምን እንደነበር ያላወቀ ካለ ልንገር። ሦስት ትልልቅ እንሰት ማለት ስድስት ሰባት ዓመት ቆሞ የጠበቀ ምግብ ነው። እሳቸውን ብቻቸውን እስከሚቀጥለው ክረምት ያደርሳቸው ነበር። በጓሯቸው የቀረው እንሰት ገና ልጅ ነው። አሁን ቢቆረጥ የሚወጣው ጥቂት ነው፣ የከርሞውም አብሮ ይበላል። ካልተቆረጠ ደግሞ የሰው እጅ ማየት ነው፤ እሳቸው በሕይወታቸው ሰጥተው እንጂ ጠብቀው አያውቁም። ጎረቤቲቱ ክምሩን አፍሳ ልጅ እንሰቶቹ ሥር ደፋችው። ቢያንስ ማዳበሪያ ይሆናል አለች። እኛ ያን ቀን ሳንቀመጥ ተመለስን። ሚኒባስ ውስጥ ተማሪው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቦታ ስላልነበረ ነው፤ እኔ ግን ስለ ዴስክ ነው ያሰብኩት።

የወሩ ስብሰባ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ። መሪያችን ከመግባታችን በፊት ደብተሩን አየት አደረገና "ቁጥር አንድን አንብቢ። እጃቸው እየጠገነ ነው፣ ምስጋና ነው" አለኝ። "ቁጥር ሁለትም ጥሩ ነው፣ ልጁ ደውሏል አሉ። ሦስትን እለፊው። የሰው እምነት እንዳይደክም።"

እሺ አልኩ። ገብቼ አነበብኩ። አንድ፣ አሜን። ሁለት፣ አሜን። ከዚያ እግሬ ለመቀመጥ እምቢ አለኝ።

"ሦስት፣ የቆጮ ጉድጓዳቸው" አልኩ። "ሁለት ጊዜ ጸለይንበት። በሰበሰ። እንዴት እንደሚገለበጥ አውቅ ነበር። አልገለበጥኩም።"

አሜን የሚል ጠፋ። ከፊት አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት እናት "ጌታ ይርዳሽ ልጄ" አሉ፣ ለታመመ ሰው በሚባልበት ድምፅ። ቀጣዩ ቡድን የራሱን ደብተር ይዞ ተነሳ።

ውጭ መሪያችን ያዘኝ። ይቆጣል ብዬ ምላሴን ስዬ ነበር የጠበቅኩት። ለምን ቡድኑን አዋረድሽ እንዲለኝ፣ እኔም የሆዴን ሁሉ እንድዘረግፍበት። እናንተ መዝሙር ብቻ፣ እናንተ እጃችሁ ንጹሕ፣ ማገልገል ማለት ማይክ መያዝ ይመስላችኋል፤ ተዘጋጅቼበት ነበር።

አልተቆጣም። ዓይኑ ቀልቷል።

"እኔ ያደግኩት ከተማ ነው" አለ። "ጉድጓዱን ሳየው የሚከፈት ነገር መሆኑን እንኳ አላወቅኩም። ብትነግሪኝ ልብሴን አውልቄ እገባ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ጉድጓዱ ውስጥ ይገባ እንደነበር አምናለሁ፤ የሚከብደውም እሱ ነው። አምስት ሰው ነበርን፣ አራቱ አላወቁም። እኔ አውቄ የነሱን አለማወቅ ተከለልኩበት። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ብዙ የምለው አለኝ፤ ከጉብኝት ይልቅ ለድምፅ ማጉያ እንደምንጨነቅ፣ ድሃ ቤት በልተን እንደምንመለስ። ሁሉም እውነት ነው። ግን በዚህኛው ነገር ላይ አፌን ሞልቼ ማንንም መክሰስ አልችልም። የተራበን አብሉ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሳይራቡ በፊት ያላቸውን ማዳን የእኔ ድርሻ ሆኖ መጣ፣ እኔ ርዕስ አደረግኩት።

ደብተሩ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። "ትንሽ እረፊ" ተባልኩ።

እናቴ የበቆሎ ዱቄት በሰው ላከችላቸው። እሱ ስንት ቀን ያደርሳል? ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ኮፒ ቤቱን አሞኛል ብዬ ቀረሁና ብቻዬን ወናጎ ሄድኩ። ጥፍሬን ተቀብቼ ነበር፣ ቀለሙን ሳላስለቅቅ ነው የወጣሁት፣ ከልማድ።

ሴትዮዋ "ብቻህን?" አሉኝ።

"ብቻዬን።"

"ሳትዘምር?"

"ሳልዘምር።"

ጓሮ ወሰዱኝ። እጃቸው ተፈትቷል፣ ግን ጣታቸው አይጨብጥም። ሁለት እንሰት አጠገብ ቆሙ፣ በግራ እጃቸው ግንዱን ዳሰስ አደረጉት፤ ቀጭን ነው፣ እኔ እንኳ አቅፌ እጨርሰዋለሁ። "ይኼንና ይኼን" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ቆረጥኩ። ከብት ሲታረድ እንደማያይ ሰው ነበር የዞሩት።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን አነሳሁ። ተረከዜ ግንዱን አይዝም፣ ይንሸራተታል፣ መፋቂያው እጄን ላጠው። ሰውነቴ የረሳ መስሎኝ ነበር፤ እኩለ ቀን ሲሆን አስታወሰ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው "ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አትቸኩል፣ ድሮም ትቸኩል ነበር" ይላሉ። የወጣው አንድ መሶብ የሚሞላ አይመስልም። የድሮው ጉድጓድ ሰፋው፤ አጠገቡ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ የወጥ ድስት የምታክል።

ኮባ እያነጠፍኩ ሳለ አላስቻለኝም። ቀና ሳልል "እማማ፣ አውቅ ነበር እኮ። ያን ቀን ሲናገሩ ገብቶኛል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ይቅር ብዬሃለሁ ወይም ውጣልኝ።

"ቅጠሉን ደርብ" አሉ። "ውኃ ይገባል።"

ደረብኩ።

ስጨርስ "ይኼ እስከ መቼ ያደርሳል?" አልኳቸው። ጉድጓዷን አዩ፣ ከዚያ የቀሩትን ልጅ እንሰቶች አዩ። "በሁለት ሳምንቱ መገለበጥ አለበት" ነው ያሉኝ። ይኼንንም መሬት ላይ አስቀመጡት። በዚህ ጊዜ "እመጣለሁ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ጎረቤቲቱም እንድትሰማ።

ሰኞ ኮፒ ቤት አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ስትቀበለኝ አፍንጫዋን ሸፈነች። ባለቤቱ "ምንድን ነው የሚሸተው እዚህ?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቆጮ ፍቄ ነው።"

"ታምሜ ነው አላልሽም?"

"ዋሽቼ ነው።"

ሌላ ቅዳሜ ብትቀሪ ሰኞ አትምጪ አለ። ሰው ስላልሞላለት ነው እንጂ ያኔውኑ ያባርረኝ ነበር።

ሁለት ሳምንቱ የሚሞላው ነገ ነው፣ ቅዳሜ። ለመሪያችን በዚህ ጊዜ በግልጽ ነግሬዋለሁ፦ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ፣ ምን ዓይነት ልብስ ለብሶ። "ሥልጠና አለብኝ፣ አያለሁ" አለ። እናቴ ሥራሽን አትልቀቂ፣ እሁድ ሂጂ ትላለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። አንድ ቀን ቢዘገይ ምን ያደርጋል? ያኔም ያሳለፍኩት አንድ ቀን ነበር።

ጸሎት አልተውኩም። ግን አሁን ዓይኔን ስጨፍን ደስ አይለኝም፤ የጨፈንኩት ላለማየት እየመሰለኝ እከፍተዋለሁ። ይህን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ከሰዓት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ዳገቱ ያዳልጣል፣ እሳቸው የወደቁበት። ኮባው ውኃ ያስገባ ይሆን እያልኩ ነው። ጥፍሬን ግን ቆርጬዋለሁ።